ስምንት ዓመት የኖረው በር፤ ጠበቃ ያልሆኑ የሕግ ባለሙያዎች በዋሽንግተን ግዛት

ፍርድ ቤት ደጅ የተመላለሰ ሰው ራፖር ጸሐፊን ያውቀዋል። ጃንጥላ፣ አንዲት ጠረጴዛ፣ ቀድሞ የታይፕ መኪና ዛሬ ኮምፒውተር፣ ከጎን ደግሞ ለባለጉዳይ የተቀመጠች ዱካ። ከዓመታት በፊት ለራሴ ጉዳይ ወረፋ ስጠብቅ ከፊቴ የነበሩ አንዲት እናት ነጠላቸውን እያጣፉ፣ «ልጄ፣ የምነግርህን አንድም ሳታስቀር ጻፍልኝ» አሉት። ጸሐፊው ቀና ሳይል፣ «እማማ፣ የሚነግሩኝን ሁሉ ከጻፍኩት ዳኛው አንብበው አይጨርሱትም። በደሉን ለእኔ ይንገሩኝ፤ ለዳኛው የሚለምኑትን ብቻ እንጻፍላቸው» አላቸው። እናትየዋ ግማሽ ሰዓት ያህል አወሩ። እሱ አንድ ገጽ ከሩብ ጻፈ።

ያ ሰው የሠራው ሥራ ታይፕ መምታት ብቻ አልነበረም። ከግማሽ ሰዓት ምሬት ውስጥ ለፍርድ የሚበጀውን ነጥሎ አወጣ፤ የትኛው ጥያቄ እንደሚቀድም፣ የትኛው እርግማን እንደሚቀር ወሰነ። የሕግ ምክር ማለት ይኸው ነው። ጠበቃ አልነበረም፤ ነኝም አላለም።

ይህን ሰው ከነጠረጴዛው አንስተን ሲያትል ብናወርደው ግን ወንጀለኛ ይሆናል። የማወራው ስለ ዋሽንግተን ዲሲ አይደለም፤ በአሜሪካ ሰሜን ምዕራብ ጫፍ ስላለችው፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን ስለሚኖሩባት ዋሽንግተን ግዛት ነው። በዚያ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደንብ የሌላውን ሰው መብት የሚነካ ሰነድ መምረጥን፣ ማዘጋጀትንና መሙላትን የጥብቅና ሥራ ይለዋል። ያለ ፈቃድ የሠራው ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገኝ አንድ ዓመት ለሚጠጋ እስራት ሊዳረግ ይችላል፤ ከደገመው ወንጀሉ ወደ ከባድ ወንጀል ከፍ ይላል።

ይህችው ጥብቅ ግዛት ናት በ2012 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በመላው አሜሪካ ታይቶ የማይታወቅ በር የከፈተችው። ጠበቃ ያልሆነ ሰው፣ የጠበቃ ተቆጣጣሪ ሳያስፈልገው፣ በራሱ ቢሮ፣ በራሱ ስም የሕግ ምክር እየሰጠ እንዲያስከፍል ፈቀደች። በ2020 ደግሞ ራሷ ዘጋችው። በመካከሉ ያለውን ስምንት ዓመት መመርመር የፈለግሁት አንድ ነገር ስለከነከነኝ ነው፤ በሩ የተዘጋው የገባበት ሰው ጥፋት ስለሠራ አልነበረም፤ የገባበት ሰው ጥቂት ስለነበረ ነው። ጥቂት ያደረገውም የበሩ አሠራር ነው።

አንዲት ሳጥን

በአሜሪካ በከባድ ወንጀል ለተከሰሰ ድሃ ሰው መንግሥት ጠበቃ ያቆምለታል፤ ይህ ከ1963 ጀምሮ የጸና መብት ነው። በፍትሐ ብሔር ጉዳይ ግን እንዲህ ያለ አጠቃላይ መብት የለም። ቤት ልቀቂ የተባለች፣ በዕዳ የተከሰሰ፣ በፍቺ ልጁን ሊያጣ የደረሰ ሰው ገንዘብ ከሌለው ብቻውን ይቆማል። የዋሽንግተን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያቋቋመው ግብረ ኃይል በ2003 ባወጣው ጥናት፣ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው የግዛቲቱ ነዋሪዎች ከሚገጥሟቸው የፍትሐ ብሔር ችግሮች ከ85 በመቶ በላይ የሚሆኑትን ያለ ጠበቃ እንደሚጋፈጡ ታወቀ። ቁጥሩ ለየትኛውም የፍርድ ቤት ሠራተኛ ድንገተኛ አልነበረም፤ በየቀኑ በመስኮታቸው በኩል የሚያዩት ነገር ነው።

አንዲት እናት እናስብ። በምሳሌነት የማቀርባት ስለሆነች ስም አልሰጣትም። በሳምንቱ የሥራ ቀናት አረጋውያን ትንከባከባለች፣ ቅዳሜና እሑድ አውሮፕላን ማረፊያ ትሠራለች። ገቢዋ ለነጻ የሕግ ድጋፍ በዝቶ፣ ጠበቃ ለመቅጠር አንሷል። ባለቤቷ የፍቺ አቤቱታ አስገባና መጥሪያው እጇ ደረሰ። መጥሪያው በግዛቲቱ ውስጥ ከደረሳት መልስ የምታስገባበት 20 ቀን አላት። ዝም ካለች እሱ የጠየቀው በሌለችበት ሊወሰን ይችላል።

ቅጾቹ በኢንተርኔት በነጻ ይገኛሉ። ከነሱ አንዱ የልጅ አስተዳደግ ዕቅድ ነው። ልጁ ሰኞ የት ያድራል፣ የክረምት ዕረፍቱን ከማን ጋር ያሳልፋል፣ ልደቱን፣ የእናቶች ቀንን፣ የአባቶች ቀንን፣ ሕክምናውንና ትምህርቱን ማን ይወስናል፣ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ማን ያመላልሰዋል፤ ገጽ ከገጽ እያስከተለ ይጠይቃል። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን፣ ገና ቅጹ ሲጀምር፣ ከወላጆቹ አንዱ ልጅ የመተው፣ ልጅ የመበደል ወይም በቤት ውስጥ የመደብደብ ችግር ያለበት እንደሆነ የሚጠይቅ ክፍል አለ። ከመልሶቹ መካከል አንዷ ሳጥን፣ ከሁለቱም ወላጆች ይህ ችግር ያለበት የለም፣ የምትል ናት።

የእኛ አገር ሰው ይህች ሳጥን ምን ያህል እንደምትፈትን ያውቃል። ገመና ወረቀት ላይ አይወጣም። ባሏ እጁን እንዳነሳባት እናቷ እንኳ የማታውቅ ሴት ለማታውቀው ዳኛ በባዕድ ቋንቋ ልትጽፈው አትደፍርም፤ ወይም ነገሩ ከፍቺው ጋር ግንኙነት ያለው አይመስላትም። በሳጥኗ ላይ ምልክት አድርጋ ታልፋለች። ከዚያ በኋላ ልጁ ከአባቱ ጋር የሚያድርበት ሌሊት፣ ርክክቡ የሚፈጸምበት ቦታ፣ በልጁ ጉዳይ የመወሰን ሥልጣን ሁሉ በዚያች ምልክት ላይ ይገነባል። የጸደቀ ዕቅድ ደግሞ በአንድ ጠዋት ሐሳብ አይለወጥም።

ማን ይንገራት? በብዙዎቹ ካውንቲዎች ፍርድ ቤቶች ውስጥ ያለ ጠበቃ የመጣ ባለጉዳይን የሚያግዙ የቤተሰብ ጉዳይ ረዳቶች አሉ። ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ ሥራቸውም ብዙ ነው። የትኛው ቅጽ እንደሚያስፈልጋት፣ የት እንደምትፈርም፣ ስንት ቅጂ እንደምታመጣ ይነግሯታል። «የትኛውን ሳጥን ልምረጥ?» ብላ ከጠየቀች ግን መልሳቸው አንድ ነው፤ የሕግ ምክር መስጠት አይፈቀድልንም። ቅጹን እየሰጡ ትርጉሙን ይነፍጓታል፤ በክፋት ሳይሆን ደንቡ ስለሚያስገድዳቸው።

በቅጹና በምክሩ መካከል ያለውን ይህን ክፍተት ነው አዲሱ ፈቃድ ሊደፍን የተነሣው።

የጁን 2012 ትዕዛዝ

ለዓመታት ሲጎተት የነበረው ክርክር ጁን 15 ቀን 2012 አበቃ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ6 ለ3 ድምፅ ባለ ውስን ፈቃድ የሕግ ቴክኒሻን የተባለውን ሙያ በደንብ ቁጥር 28 ፈጠረ። የወቅቱ ዋና ዳኛ ባርባራ ማድሰን ነበሩ። የትዕዛዙ መንፈስ ሲጨመቅ እንዲህ ነው፦ ሕዝቡ የሚችለውን ዋጋ ከፍሎ እርዳታ የሚያገኝበትን መንገድ ካላበጀንለት፣ ቁጥጥር በሌለው ገበያ ለአታላዮች ሲሳይ እንዲሆን ፈርደንበታል። ሐሳቡን ወድጄዋለሁ፤ ጠበቃ የሌለው ሰው ያለ አማካሪ እንደማይቀር፣ ይልቁንም ያገኘውን አማካሪ እንደሚይዝ የሚያምን ዳኛ የጻፈው ነው።

ከተቃወሙት አንዷ ዳኛ ሱዛን ኦውንስ ነበሩ። የተቃውሟቸው ፍሬ ነገር የገንዘብ ጉዳይ ነው፤ ይህን አዲስ ሥርዓት ማቋቋሚያውን ጠበቆች በማኅበራቸው በኩል እንዲሸከሙ መደረጉን አልተቀበሉም። በወቅቱ ይህ ክርክር ትንሽ መስሎ ነበር። ከስምንት ዓመት በኋላ በሩን የዘጋው ግን እሱው ነው።

ደጋፊዎቹ ሐሳቡን ሲያስረዱ ሐኪም ሳትሆን ታካሚ የምታይና መድኃኒት የምታዝ ነርስን በምሳሌነት ይጠቅሱ ነበር። ለእኛ የሚቀርበው ጤና መኮንን ነው። በ1954 ጎንደር ላይ የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን ያሠለጠነው አገሪቱ ሐኪም እስኪኖራት ድረስ ወባና ወሊድ ቆመው ስለማይጠብቁ ነው። ምሳሌው ግን እስከ መጨረሻው አብሮን አይሄድም። ጤና መኮንኑን የመንግሥት ጤና ጣቢያ ደመወዝ ይጠብቀው ነበር። የሕግ ቴክኒሻኑን የሚጠብቀው ባዶ ቢሮ ነው።

የመጀመሪያውና በኋላም ብቸኛው የሥራ መስክ የቤተሰብ ሕግ ሆነ፤ ፍቺ፣ የልጅ አስተዳደግ፣ ቀለብ፣ በቤት ውስጥ ጥቃት ለደረሰበት ሰው የሚሰጥ የጥበቃ ትዕዛዝ። ያች የምሳሌ እናታችን ቴክኒሻን ዘንድ ብትሄድ ቅጹን ይመርጥላታል፣ ይሞላላታል፣ የተቃራኒ ወገንን ሰነድ አንብቦ ያስረዳታል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ወንበሩን ጠጋ አድርጎ ስለዚያች ሳጥን ይጠይቃታል።

ሦስት ሺህ ሰዓት

ወደ በሩ አሠራር እንምጣ። ፈቃዱን የሚፈልግ ሰው ቢያንስ የሁለት ዓመት የኮሌጅ ዲግሪ ይኑረው። ዕውቅና ባለው የጠበቃ ረዳቶች ማሠልጠኛ የ45 ክሬዲት መሠረታዊ ትምህርት ይጨርስ። በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት የተዘጋጀውን የቤተሰብ ሕግ ትምህርት፣ 15 ክሬዲት፣ ይጨምርበት። በጠበቃ ሥር 3,000 ሰዓት የሕግ ሥራ ይሥራ፤ በሳምንት 40 ሰዓት ብናስብ 75 ሳምንት፣ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ማለት ነው። በመሠረታዊ ዕውቀት፣ በቤተሰብ ሕግና በሙያ ሥነ ምግባር ይፈተን። የሙያ ኃላፊነት መድን ይግባ። ለአሥር ዓመት በጠበቃ ረዳትነት የሠሩ ሰዎች መሠረታዊውን ትምህርት የሚዘሉበት ጊዜያዊ መንገድ ነበር፤ ሌላው ጋሬጣ ግን እነሱንም ይጠብቃቸዋል።

የመጀመሪያዎቹ ፈቃዶች የተሰጡት በ2015 ነው። ትዕዛዙ ከወጣ ሦስት ዓመት አለፈ ማለት ነው። የመጀመሪያውን ፈተና ያለፉት ሰባት ሰዎች ነበሩ።

እነዚያ ሰባት ሰዎች ይህን ሁሉ አልፈው ሲገቡ ምን ማድረግ እንደማይችሉ የሚዘረዝረው ደግሞ ሌላ ረጅም ዝርዝር ነው። ፍርድ ቤት ውስጥ ከደንበኛቸው ጎን ቆመው መናገር አይችሉም። ከተቃራኒ ወገን ጋር መደራደር፣ ስልክ ደውለው «ቅዳሜን ለእኛ ብትለቁ ማክሰኞን እንለቃለን» ማለት እንኳ አይችሉም። ባልና ሚስቱ ያፈሩትን ቤት ማካፈል አይችሉም፤ ልዩ ትዕዛዝ የሚጠይቅ የጡረታ ሀብትም እንዲሁ። እንግዲህ አስቡት፤ ከመጋባታቸው በኋላ ያፈሩት ሀብት በመርሕ የጋራ በሆነባት ግዛት፣ ትንሽ ቤት ያላቸው ባልና ሚስት ሲፋቱ ቴክኒሻኑ ልጁን እንጂ ቤቱን መንካት የለበትም። ደንበኛዋ ለቤቱ ጠበቃ፣ ለልጁ ቴክኒሻን ትቅጠር?

ችሎት ቀን ሲደርስ ነገሩ ይብሳል። ሰነዱን ያዘጋጀው ሰው ጉዳዩን ከማንም በላይ ያውቃል። በሩ ድረስ ሸኝቷት እሱ ይቀራል፣ እሷ ወረቀቷን ታቅፋ ትገባለች። ዳኛው የሚጠይቁት ሕግ ላይሆን ይችላል፤ አምስተኛው ገጽ ላይ ያለው ቀን ለምን እንደተለወጠ ሊሆን ይችላል። መልሱን የሚያውቀው ሰው ኮሪደር ላይ ተቀምጧል። ይህ እገዳ የተነሣው በ2019 ነው። በተወሰኑ ችሎቶች ከደንበኛቸው ጎን እንዲቀመጡ፣ የዳኛውን ጥያቄ እንዲመልሱ፣ እንዲደራደሩም ተፈቀደ። ፕሮግራሙ የቀረው ዕድሜ ከአንድ ዓመት እምብዛም አይበልጥም ነበር።

እያንዳንዱ ገደብ ብቻውን ሲታይ ምክንያት አለው። የጡረታ ሀብት ማካፈል በእውነትም ያስቸግራል፤ በመጥፎ የተጻፈ የአስተዳደግ ዕቅድም ልጅን ለዓመታት ይጎዳል። ጠበቆች ሲሰጉ ስለ ኪሳቸው ብቻ ነው ብሎ መደምደም ቀላል ስድብ ነው፤ ብዙዎቹ የሌሎች ሰዎችን ስህተት ሲያቃኑ የኖሩ ናቸው። ችግሩ ገደቦቹ የተደረደሩት ሰጊዎችን ለማረጋጋት እንጂ ሥራው እንዲያዋጣ ታስቦ አለመሆኑ ነው። ቢሮ ከፍቶ፣ መድን ከፍሎ፣ ከጠበቃ ባነሰ ዋጋ የሚሠራ ሰው ብዙ ደንበኛ ያስፈልገዋል። ደንበኛው ደግሞ ግማሹን ጉዳዩን ይዞ እንዲመለስ ደንቡ ያስገድዳል። በአንድ የጠበቃ ቢሮ ቋሚ ደመወዝ የምታገኝ የሃያ ዓመት ልምድ ያላት ረዳት ይህን አስልታ ለምን ትወጣለች?

በ2017 ቶማስ ክላርክና ሬቤካ ሳንዴፈር የተባሉ ተመራማሪዎች ፕሮግራሙን ገምግመዋል። የቴክኒሻኖቹ ሥራ ብቃት አለው፣ ደንበኞች ይጠቀማሉ የሚል ነበር ድምዳሜያቸው። የሕግ ትምህርት ቤት ያልገባ ሰው ሕዝብን ያሳስታል የሚለው የቆየ ፍርሃት በተግባር ማስረጃ አላገኘም። አሳሳቢው ነገር ሌላ ነበር፤ ፕሮግራሙ ራሱን ችሎ ለመቆም ቁጥሩ ማደግ ነበረበት።

የቤት ሽያጭ ጸሐፊዎች

እዚህ ላይ ወደ ኋላ ልመለስ፤ በዚህ ጉዳይ ውስጥ በጣም የገረመኝ ነገር ከ2012 በፊት የተፈጸመ ነውና።

በዋሽንግተን ቤት ሲሸጥ የሻጩንና የገዢውን ገንዘብና ሰነድ በአደራ ይዘው ሽያጩን የሚያስፈጽሙ ኤስክሮ የሚባሉ ድርጅቶች አሉ። ሠራተኞቻቸው ጠበቆች አይደሉም፤ የሽያጭ ሰነድና የዋስትና ውል ግን ሲሞሉ ኖረዋል። የግዛቲቱ ምክር ቤት ይህን በሕግ ፈቅዶላቸው ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1981፣ ካስለር በተባለ የኤስክሮ ድርጅት ላይ በቀረበ ክስ፣ የጥብቅናን ሥራ መቆጣጠር የፍርድ ቤት እንጂ የምክር ቤት ሥልጣን አይደለም ብሎ ሕጉን ሻረው። በአንድ ፍርድ በመላው ግዛቲቱ ሲሠራበት የኖረ ነገር ሕገ ወጥ ሆነ።

ከዚያ ምን ሆነ? በ1983 ያው ፍርድ ቤት ራሱ ደንብ አወጣ። ለእነዚያው ሠራተኞች ውስን ፈቃድ ሰጠ፤ በጠበቆች የጸደቁ ቅጾችን እየመረጡ እየሞሉ ሥራቸውን ቀጠሉ። ዛሬም በመቶዎች ይቆጠራሉ። ከአርባ ዓመት በላይ ሲሠሩ «ሕዝቡ ተጎዳ» ብሎ በሩን ለመዝጋት የተነሣ የለም። እንዲያውም የሚያውቃቸው እንኳ ጥቂት ነው፤ ቤት የገዛ ሰው የሰነዱን ሞይ ማንነት መች ይጠይቃል።

ልዩነቱ የት ላይ ነው? ሁለቱም ጠበቃ ያልሆኑ ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱም የሰውን መብት የሚነካ ሰነድ ይሞላሉ፤ የፈቀደላቸውም አንድ ፍርድ ቤት ነው። የኤስክሮዎቹ ፈቃድ የተሰጠው ግን ሥራውን አስቀድሞ ይሠራ ለነበረ ሰው ነው፤ ደመወዙን የሚከፍል ድርጅት ነበረው፣ ከድርጅቱም ጀርባ የሚሸጡ ቤቶችና የሚያበድሩ ባንኮች ነበሩ። ሥራው ቢቆም የሚጮህ ገንዘብ አለ። የፍቺዋ እናት ብትቀር የሚጮህላት የለም። የቴክኒሻኖቹ ሙያ ከዜሮ የተጀመረ፣ ከፋዩም ያልታወቀ ነበር። አባቶች «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ሲሉ ስለ ፍትሕ ክብር ነው የተናገሩት። እዚህ ግን ለበቅሎ ጸሐፊ ተገኝቶ ለጭብጦ ጠፋ።

ጁን 2020

በኮቪድ ወረርሽኝ መካከል የቴክኒሻኖቹን ሥርዓት የሚመራው ቦርድ የሥራ መስኩ እንዲሰፋ ለፍርድ ቤቱ ጥያቄ አቅርቦ ነበር። ከቤት መባረርና የዕዳ ክስ ከተጠየቁት መስኮች መካከል ነበሩ። ከዚያ ወቅት የበለጠ ለዚህ የተመቸ ጊዜ አልነበረም፤ ሥራ የቆመበት ሰው የቤት ኪራይ ውዝፍ እየተከመረበት ነበር።

ጁን 4 ቀን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለግዛቲቱ ዳኞችና ጠበቆች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ አወጣ። ከጆርጅ ፍሎይድ ግድያ በኋላ የተጻፈው ይህ ደብዳቤ የፍትሕ ሥርዓቱ በጥቁሮች ላይ ያደረሰውን በደል በማመን እንድናርመው ይጠይቃል፤ በመላው አሜሪካ ተነበበ፣ ተመሰገነም። በማግሥቱ፣ ጁን 5፣ ዋና ዳኛ ዴብራ ስቲቨንስ የፈረሙበት ሌላ ደብዳቤ ወጣ። ፍርድ ቤቱ በአብላጫ ድምፅ የሕግ ቴክኒሻኖቹን ፕሮግራም እንዲያበቃ ወስኗል። የተጠቀሱት ምክንያቶች ሁለት ናቸው፦ ወጪው፣ እና ፍላጎት ያሳዩ ሰዎች ማነስ። መስኩ ይስፋ የሚለው ጥያቄም አብሮ ወደቀ። ሁለቱን ደብዳቤዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ያነበበ ሰው የሚሰማውን ለራሱ እተዋለሁ።

በ2012 ትዕዛዙን ያስተላለፈውን ፍርድ ቤት የመሩት ባርባራ ማድሰን አሁን ከተቃዋሚዎቹ ወገን ነበሩ። ውሳኔው በቂ ውይይት ሳይደረግበት፣ የሚመለከታቸው ሰዎች በወጉ ሳይሰሙ ተላለፈ ብለው በጽሑፍ አማረሩ።

ወጪው ምን ያህል ነበር? የጠበቆች ማኅበሩ ያቀረበው ሒሳብ በዓመታቱ ሁሉ ወደ 1.4 ሚሊዮን ዶላር ይጠጋል። ማኅበሩ 40,000 ያህል አባላት አሉት። ስናካፍለው ለአንድ ጠበቃ 35 ዶላር ይደርሳል፤ በዓመት ሲሰላ ከሁለት ስኒ የሲያትል ቡና ብዙ አይርቅም። ይህን የምለው ጠበቆቹን ለማሳፈር አይደለም፤ ማንም ሰው ተወዳዳሪዬን ከኪስህ አውጥተህ አሳድግ ቢባል ያጉረመርማል። የኦውንስ የ2012 ተቃውሞ ትክክለኛ ቦታ ላይ ያረፈ ነበር ማለቴ ነው። አዲስን ሙያ ነባሩ ሙያ እንዲከፍልለት ማድረግ የመጀመሪያው የአሠራር ስህተት ነው።

ቁጥሩም እውነት ነው። በዚያን ጊዜ በሥራ ላይ የነበሩት ቴክኒሻኖች 40 ገደማ ናቸው። ግዛቲቱ 39 ካውንቲዎችና ከሰባት ሚሊዮን ተኩል በላይ ሕዝብ አላት። በ40 ሰዎች ያንን የ85 በመቶ ክፍተት መድፈን አይታሰብም። ሌላም ሐቅ አለ፤ ቴክኒሻን በሰዓት ያስከፍላል፤ ከጠበቃ ቢረክስም ምንም ለሌለው ሰው አሁንም ውድ ነው። ፕሮግራሙ የተጀመረው በድሆች ስም፣ ያገለገለው ግን ትንሽ ያላቸውን ነው። ይህን ነቀፋ ደጋፊዎቹ አቃልለው ሊያልፉት አይገባም ነበር።

ሆኖም ስሌቱ ዙሪያ ጥምጥም ነው። ለመግባት ዓመታት የሚፈጅ በር ሠርተህ፣ የገባው የሚሠራውን በግማሽ ቆርጠህ፣ መስኩን አላሰፋም ብለህ፣ «የገባ ሰው ጥቂት ነው» ብሎ መዝጋት በራስ እጅ በተጻፈ ምስክር ማስፈረድ ነው።

ከግዛቲቱ ባሻገር

በካናዳ ኦንታሪዮ የሆነውን እናስተያይ። በዚያ ከ2007 ጀምሮ ፓራሊጋል የሚባሉ ጠበቃ ያልሆኑ የሕግ ባለሙያዎች በጠበቆች ተቆጣጣሪ አካል ፈቃድ ይሠራሉ። በአነስተኛ ገንዘብ ክርክር፣ በትራፊክ ጥፋት፣ በአከራይና በተከራይ ጉዳይ ፊት ለፊት ቆመው ይከራከራሉ። ዛሬ በሺዎች ይቆጠራሉ። ኦንታሪዮ ያደረገችው ቀላል ነገር ነው፤ ቁጥጥሩ ሲመጣ ቀድሞ በሥራው ላይ የነበሩትን ሰዎች መስፈርት አውጥታ ወደ ውስጥ አስገባቻቸው። በመጀመሪያው ቀን ሙያው ሰው ነበረው፤ ሰው ያለው ሙያ ደግሞ መዋጮ ይከፍላል፣ ድምፅ አለው፣ በአንድ ደብዳቤ አይዘጋም። ልክ እንደ ኤስክሮ ጸሐፊዎቹ።

አሜሪካም ውስጥ ብዙ ኢትዮጵያውያን ሳያውቁት የተገለገሉበት ሌላ መንገድ አለ። በኢሚግሬሽን ጉዳይ የፍትሕ ሚኒስቴሩ ዕውቅና የሰጣቸው ለትርፍ ያልቆሙ ድርጅቶች ጠበቃ ያልሆኑ ተወካዮችን ያሠራሉ። ከፊል ዕውቅና ያላቸው ተወካዮች በኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ፊት፣ ሙሉ ዕውቅና ያላቸው ደግሞ በኢሚግሬሽን ፍርድ ቤትም ጭምር ይቆማሉ። ጥገኝነት የጠየቀ ወይም ቤተሰቡን ያመጣ የአገራችን ሰው «ጠበቃዬ» የሚላት ሴት ከእነዚህ አንዷ ልትሆን ትችላለች። ይህ ሥርዓት አሥርት ዓመታት ኖሯል። ተወካይዋ ቢሮ መከራየት አያስፈልጋትም፤ ድርጅቱ ይከፍላታል። አላስካም በ2022 ተመሳሳይ መንገድ ያዘች፤ የነጻ ሕግ ድጋፍ ድርጅቱ ያሠለጠናቸው ጠበቃ ያልሆኑ ሰዎች በድርጅቱ ጥላ ሥር ሆነው በየመንደራቸው እንዲረዱ ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ ፈቀደ።

ዩታ፣ አሪዞና፣ ኦሪገንና ኮሎራዶም ከዋሽንግተን በኋላ የየራሳቸውን ፈቃድ አወጡ። አሪዞና ገና ከጅምሩ ባለፈቃዶቹ ችሎት ገብተው እንዲከራከሩ ፈቀደች፤ መስኩንም በቤተሰብ ሕግ ብቻ አልወሰነችውም። የዋሽንግተንን ታሪክ አንብበውታል።

በዋሽንግተን ግን ትምህርቱን የጀመሩት እንዲጨርሱ የጊዜ ገደብ ተሰጣቸው፤ ተራዝሞ እስከ ጁላይ 31 ቀን 2022 ደረሰ። በሩ ሊዘጋ ነው ሲባል የነበሩት ተጣደፉ፤ የባለፈቃዶቹ ቁጥር ከፍ ያለው ፕሮግራሙ እንዲያበቃ ከተወሰነ በኋላ መሆኑ ራሱ አንድ ነገር ይነግረናል። በዲሴምበር 2024 ፍርድ ቤቱ የጠበቆች ያልሆኑ ድርጅቶች የሕግ አገልግሎት የሚሰጡበትን የሙከራ ፕሮግራም ፈቀደ፤ ይህ ግን ሌላ ደንብ፣ ሌላ ታሪክ ነው። ነባሮቹ ቴክኒሻኖች ፈቃዳቸው አልተነጠቀም። ዛሬም ቢሮ አላቸው፣ የአስተዳደግ ዕቅዱን ቅጽ ከደንበኛቸው ጋር አብረው ይሞላሉ፣ ስለዚያች ሳጥን ይጠይቃሉ። ደንብ ቁጥር 28 ከደንቦቹ መካከል እንዳለ ነው። አዲስ አመልካች አይቀበልም።